ሱፐርቻርጀር ለሽምግልና

ወንድ ልጅ እናቱን ቢሰድቡበት ይጣላል፤ ከዚያም ሽማግሌ ይገባና ይታረቃል። የመኪናውን ሞተር ቢሰድቡበት ግን... ጋራዥ ይሄዳል! ጋራዥ ገብቶ ደግሞ ከነልቦናው የተመለሰ ወንድ እኔ እስካሁን አላየሁም። እናንተ አይታችሁ ከሆነ አሳዩኝና እጁን ልጨብጠው።

ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ሚጢጢ የምትባል መኪና አለችኝ። ስሟን ያወጡላት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ናቸው። እነሱ ሊሰድቧት ነበር፣ እኔ በቁልምጫ ወሰድኩትና ስሙ በዚያው ጸና። ሞተሯ አንድ ሺህ ሲሲ ብቻ ነው። ነዳጅ አትጠጣም፣ ትቀምሳለች። ለቤንዚን ወረፋ ይዞ ለሚውል የወልድያ ሰው ከዚህች የተሻለ ጨዋ መኪና የለችም... ዳገት እስኪመጣ ድረስ። ዳገት ሲመጣ ጨዋነቷ ከልክ ያልፍና ላለፈ ላገደመው ሁሉ ቅድሚያ ትሰጣለች።

ቤተሰቦቼ መርሳ ናቸው፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ወልድያ እኖራለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ወደ መርሳ ቁልቁል ነው፣ ወደ ወልድያ ሽቅብ። ስወርድ የሚቀድመኝ የለም። ስመለስ ግን ሲሪንቃን ካለፍኩ በኋላ ክብሬ እየቀነሰ ይመጣል። አንድ ቀን እስከ ጣሪያው ማንጎ የጫነ ባጃጅ አጠገቤ ደረሰና ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ገመድ ይዤ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሊጎትተኝ እኮ ነው! ተበላሽቼ የቆምኩ መስሎታል። እናንተዬ፣ እኔ ግን እየሄድኩ ነበር።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብሎ የተረተው ሰው ሚጢጢን የመሰለች ነገር ሳይነዳ አልቀረም እያልኩ እጽናና ነበር። ችግሩ የመጣው ሀያትን ካወቅኩ በኋላ ነው።

ሀያት ወልድያ ውስጥ አስተማሪ ነች። ቆንጆ ነች ብዬ አልነግራችሁም፤ የወሎ ሰው ስለሆንኩ ለአገሬ ያደላሁ ይመስላችኋል። ብቻ ተዋወቅን፣ ተግባባን፣ ነገሩ ከረረና "እንግዲህ ሽማግሌ ላክ" አለችኝ። ደስታዬን ሳላጣጥም አባቷ ማን እንደሆኑ ነገረችኝ። ሐጂ እንድሪስ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። መንዳቱን ቢተዉትም ጆሯቸው ጡረታ አልወጣም። የሰው ፊት ከማየታቸው በፊት የመኪናውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ያንን ሰምተው ፍርድ ይሰጣሉ። ለታላቅ እህቷ ሽማግሌ የላከ አንድ ነጋዴ ነበር አሉ። ሐጂ "ማርሽ ሲቀይር የሚያስጮህ ሰው ሚስቱንም ማስጮሁ አይቀርም" ብለው መለሱት። ሀያት ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ በልቤ የሚጢጢን ማርሽ ስንት ቀን እንዳስጮህኩት እያስታወስኩ ነበር።

በአገራችን ደንብ የሚያገባው ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል። እኔም ለዚሁ ተዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌዎቼ የመርሳ ሰዎች ናቸው፣ ወልድያ ድረስ መምጣት አለባቸው። አለቃቸው አባ ይማም የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ በሀብሩ ምድር እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ማለት ይቻላል። ሚኒባስ ልከራይላቸው ብል አሻፈረኝ አሉ። ረዳት ባለበት መኪና ሄደን፣ እኛ ወልድያ ሳንገባ ወሬው ቆቦ ይገባል አሉኝ። ታዲያ ምስጢር የሚጠብቅ ሹፌር ከየት ይምጣ ተብሎ ሲመከር፣ አራቱም ሽማግሌዎች ዞረው እኔን አዩኝ።

"ሰይድ ልጄ" አሉኝ አባ ይማም፤ "ባርኔጣህን ደፋ ታደርጋለህ፣ ከመኪናው አትወርድም። ማንም ቢጠይቅህ ሹፌር ነህ።"

እንዲህ ሆኖ ለራሴ ጋብቻ ሹፌር ሆኜ ተቀጠርኩ። አባ ይማም ከፊት፣ ሦስቱ ከነከዘራቸው ከኋላ ተጣበው ተቀመጡና ጉዞ ጀመርን። በሰው ቤት አቆጣጠር አራት ሽማግሌ ማለት አራት እንግዳ ነው፤ በሚጢጢ አቆጣጠር ግን አራት ኩንታል ነው። ሲሪንቃን በዱዓ አለፍናት። ወልድያም በሰላም ገባን። ወደ ሐጂ ቤት የሚያወጣው የኮብልስቶን ዳገት መሃል ላይ ስንደርስ ግን ሚጢጢ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጋ ተነፈሰችና ቆመች። አንደኛ ማርሽ ላይ ነኝ፤ ከአንደኛ በታች ደግሞ ማርሽ አልተሠራም። ፍሬኑን ረግጬ በላብ ስጠመቅ፣ አባ ይማም በሩን ከፍተው ወረዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉና... መግፋት ጀመሩ።

አስቡት እስቲ! ልጅ ሊለምኑ የመጡ የተከበሩ አዛውንቶች፣ ከዘራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው "ያ አላህ!" እያሉ መኪና ይገፋሉ። ቀና ስል ሐጂ እንድሪስ በረንዳቸው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ከነሚጢጢ ዘው እልላት ነበር።

አቀባበሉ መልካም ነበር ተባለ። በመጀመሪያው ቀን ልጅ አይሰጥምና ቀጠሮ ተሰጠ፤ ይህም ደንብ ነው። ሲወጡ ግን ሐጂ አባ ይማምን ጠጋ ብለው አንዲት ነገር ጣል አደረጉባቸው። ልጁ ኑሮውን የሚገፋው ራሱ ነው ወይስ እንዲህ ሽማግሌ እየጠራ ያስገፋል ብለው ጠየቋቸው። አባ ይማም ይህን የነገሩኝ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ነው። እኔ ለሳቅ የሚሆን ሆድ አልነበረኝም።

በማግሥቱ በቀጥታ ደሱ ጋራዥ ሄድኩ። ደሱ ጓደኛዬ ነው። ሌላው መካኒክ የተበላሸ መኪና ሲያይ ነው እጁን የሚበላው፤ ደሱን ግን ደህና መኪና ነው የሚያሳክከው። ታሪኬን ሳልጨርስ ዓይኑ በራ። መፍትሔው ሱፐርቻርጀር ነው አለኝ። እሱ ደግሞ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው አጭር መልስ ሰጠኝ።

"ጉርሻ ነው። ሞተር የሚሠራው አየር እየጎረሰ ነው። ሚጢጢ አፏ ትንሽ ነው፣ የምትጎርሰውም በራሷ እጅ ነው። ሱፐርቻርጀር ማለት አጠገቧ ቁጭ ብሎ በሞቴ፣ በሞቴ እያለ የሚያጎርሳት ዘመድ ማለት ነው።"

እንዴት ያለ ውብ ነገር ነው! ቆይቼ እንደገባኝ ግን ይህ ዘመድ የሚዞረው በሞተሩ በራሱ ቀበቶ ነው። ማለትም የሚያጎርሳት ከራሷ መሶብ እያነሳ ነው። የሚያጎርሷችሁ በገዛ እንጀራችሁ የሆኑ ዘመዶች ያሏችሁ ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ያን ዕለት ግን ሞተሬ ተሰድቦብኛልና ማሰብ አልቻልኩም። ደሱ ደግሞ መርሳ ያለ አንድ ወዳጁ ከተገለበጠ መኪና ላይ የወለቀ ሱፐርቻርጀር እንዳለው ነገረኝ። እኔ ላምጣው፣ እሱ ይገጥመዋል። የወጣው ከትልቅ መኪና ስለሆነ ትንሽ መቁረጥ፣ ትንሽ መበየድ ይኖራል። ሞተሯ ትችለዋለች ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ከቻለችው ባጃጅ አይቀድምህም፣ ካልቻለችው ደግሞ የሚቀደም ነገር አይኖርህም አለኝ።

እንግዲህ ወይ መወሰን፣ ወይ መተው ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ መወሰን ማለት ስብሰባ መጥራት ስለሆነ ያገኘሁትን ሁሉ አማከርኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፒስተኑ ኮፈኖውን በስቶ ወጥቶ ሰላም ይልሃል አለኝ። ጎረቤቴ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ እሱ ግጠመው አለ፣ ብቻ የምትገጥምበትን ቀን ንገረኝና ሥራ አልወጣም አለ። አባ ይማም ጋ ስደውል ነገሩን በጥሞና አዳምጠው፣ እንደ ልማዳቸው የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት ፈለጉ። ሞተሩስ ፈቅዷል ወይ አሉኝ። ሞተር አይጠየቅም አባ ብላቸው፣ ሳይጠየቅ የተዳረ ምን እንደሚያመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብለው በረዥሙ ተነፈሱ።

ቀጥ አድርጋ የነገረችኝ ሀያት ብቻ ነች።

"ሰይድ፣ የምታገባው እኔን ነው ወይስ የአባዬን በረንዳ?" አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፤ "ሚጢጢ ብትቃጠል በእግራችን እንሄዳለን፣ እሱ አይከፋኝም። የሚከፋኝ አንተ እንዲህ ስትንቀጠቀጥ ማየት ነው።"

ልቤ ተነካ፤ አልዋሽም። ግን ልብ የተነካ ወንድና ሞተሩ የተሰደበ ወንድ ባንድ ሰው ውስጥ ሲኖሩ፣ መሪውን የሚይዘው ሁለተኛው ነው። ላስገጥም ቆረጥኩ። ደግሞ ከጠላቴ ጋር የተማከረ ይመስል ቤንዚን ጠፋ፤ መርሳ ሳልወርድ የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሽማግሌውም ከመርሳ፣ ሱፐርቻርጀሩም ከመርሳ። ሐጂ መቼም ሦስተኛ ቀጠሮ መስጠታቸው አይቀርም፣ ለዚያ ይደርሳል አልኩና ሁለቱንም ባንድ ጉዞ ጫንኳቸው።

ብረቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ከኋላ ገባ። እናንተ ጉልበት የሚሰጥ ዕቃ ጭኖ ጉልበት ያጣ መኪና ነድታችሁ ታውቃላችሁ? ሲሪንቃ ዳገት ላይ አንድ በእግሩ የሚሄድ ገበሬ አሰላሙ አለይኩም አለን። መለስንለት። እንዴት ናችሁ አለ፣ ደህና ነን አልን፤ ስለ ከብቱ ጠየቅነው፣ ስለ ማሽላው ጠየቅነው፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ ጨርሶ ነው የተለያየነው። ያውም እሱ ወደ ቤቱ ስለታጠፈ እንጂ እኛማ አልቀደምነውም።

የሐጂ ዳገት ሥር ስንደርስ ባጃጅ ልጥራላችሁ አልኩ። አባ ይማም ለአንዲት ልጅ ሁለት መኪና አይቀያየርም ብለው ጓዶቻቸውን አስከትለው በእግራቸው ወጡ። እኔ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ መሪዬን ይዤ ቀረሁ።

ለካ ሐጂ ቤታቸው የሉም! ዙሁር ሰግደው ከመስጊድ እየተመለሱ ኖሯል። ሽማግሌዎቼ ላይ ቤት ባዶ ወንበር እያዩ ሲጠብቁ፣ ባለወንበሩ ከኋላዬ መጥተው የሚጢጢን መስኮት ቆረቆሩ። ሰላምታቸውን ስመልስ ድምፄ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ሹፌሩ አንተ ነህ?"

"አዎ ሐጂ።"

"ኮፈኖውን ክፈተው እስቲ።"

ከፈትኩ። አስነሳ አሉኝ፣ አስነሳሁ። ሐጂ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። እኔ መዓት ስጠብቅ፣ ይህች ሞተር ጤነኛ ነች፣ ትንሽ ስለሆነች ብቻ አትወቀስም አሉ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ታዲያ ምን ጭናችሁባት ነው እንዲህ የተንፈራጠጠች ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። ከረጢቱን ሲገልጡት ሬሳ የደበቅኩ ያህል ደነገጥኩ።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ሱፐርቻርጀር ነው ሐጂ። ጉልበት ይጨምርላታል ብሎ... ባለቤቱ።"

"ባለቤቱ ያ ልጅ ነው? ሽማግሌ የላከው?"

"እሱ ነው።"

"ታውቀዋለህ?"

"በደንብ።"

"እንዴት ያለ ሰው ነው?"

እስቲ ፍረዱኝ! ራሴን ባሞግስ ውሸታም ልሆን፣ ራሴን ባማ ሚስት ላጣ። ወላሂ ብዬ እንዳልምል በውሸት ባርኔጣ ሥር ተቀምጫለሁ። ደህና ልጅ ነው፣ ትንሽ ይቸኩላል አልኳቸው። ሐጂ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለው ብረቱን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ምን ሊያደርግለት ነው፣ ተሳቢ ሊጎትት አስቧል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ቀልጄ ማለፍ እችል ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ባርኔጣው ደፍሮልኝ ይሁን ወይም ፍርሃቱ ሰልችቶኝ፣ ብቻ በሰይድ አፍ በጭራሽ የማይወጣ ነገር በሹፌሩ አፍ ወጣ።

"ሐጂ፣ ልጁ የፈራው ዳገቱን አይደለም። ይህችን መኪና ስንት ዓመት ሲነዳት ባጃጅ ሲቀድመው እየሳቀ ነው የሚያልፈው። የፈራው እርስዎን ነው። ልጅዎን ከልቡ ይወዳታል፤ በመኪና ምክንያት እንዳያጣት ብሎ ነው እንዲህ የሆነው።"

ሐጂ ከረጢቱን መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነዋ" አሉ።

አሉና... ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። ዳውላው ሞተሩ ከሆነ አህያው ማን እንደሆነ ለሁለታችንም እኩል ገባን። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ሞተሩ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ሐጂ ጢማቸውን ጨብጠው አስተግፊሩላህ አሉ። ቀስ ብሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያማ ምኑ ይነገራል፤ አንደኛችን የሚጢጢን ጣሪያ፣ አንደኛችን ኮፈኖውን ደግፈን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ሲበርድላቸው ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። "እኔም ድሮ አማቴን ፈርቼ መኪናዬ ላይ ሦስት ጡሩንባ አስገጥሜ ነበር፣ ሰውዬው ለካ ጆሯቸው አይሰማም" ብለው አጫወቱኝ። ዳገቱን ሊጀምሩ ሁለት እርምጃ ሄዱና ዞር አሉ።

"ለዚያ ልጅ ንገረው፤ እኔ ዳገት አይደለሁም፣ በሞተር አልወጣም።"

ወጡ። እኔ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ጥበቃ እንዴት ብዬ ላውራላችሁ! በደንቡ መሠረት ጥፍሬን መብላት ጀመርኩ፤ ጥፍሩ አለቀ፣ ሽማግሌዎቹ አልመጡም። ሰውዬው ሳቁ እንጂ እሺ አላሉም። ደግሞስ የሳቁት ከሹፌር ጋር ነው፣ ከእኔ ጋር አይደለም። ሀያት እዚያ ቤት ውስጥ ጓዳ ቆማ እያዳመጠች እንደሆነ ሳስብ፣ ከኋላ ያለውን ብረት አውጥቼ ዳገቱን ላንከባልለው ቃጣኝ። ሱፐርቻርጀሩን ያን ጊዜ ጠላሁት። ለምን እንደፈለግኩትም ገባኝ፤ ራሴን ይዤ ለመቅረብ ስላፈርኩ ብረት ላስቀድም ፈልጌ ነው።

በመጨረሻ ወረዱ። የአባ ይማም ፊት እንደተዘጋ ሱቅ ነው፤ ምንም አይነበብበትም። ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ንዳ አሉኝ። ቁልፉን ይዤ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

"አባ፣ ምን አሉ?"

"ልጁን አላውቀውም አሉ።"

አንገቴን ደፋሁ። አባ ይማም ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙና እንደ ልማዳቸው ቃሉን ሳያዛቡ ጨረሱት።

"ሹፌሩን ግን አውቀዋለሁ አሉ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ እሱ ለልጁ ከመሰከረለት ልጄን ሰጥቻለሁ አሉ።"

ከኋላ የተቀመጡት ሦስቱ እስከዚያ ታፍነው ኖሮ አልሐምዱሊላሁን ባንድ ላይ ለቀቁት። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አለቀስክ ይሉኛል፤ እነሱ ካሉ ልክ ይሆናል።

ኒካው ከታሰረ ቆይቷል። ብረቱን ለደሱ አስረከብኩት፤ ሌላ የተሰደበ ሞተር እየጠበቀ ጋራዡ ጥግ ተቀምጧል። ሚጢጢ በራሷ እጅ እየጎረሰች ትኖራለች፣ ዳገት ላይ ሀያት ወርዳ ትገፋለች፣ እየገፋችም ትሰድበኛለች። ሐጂ ግን ሹፌሩ እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ ባንደበታቸው አንስተው አያውቁም። ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ያ ሹፌር ደህና ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ደህና ነው እላለሁ። ሰላም በልልኝ ይላሉ።

ባለፈው ሰሞን ከሀያት ጋር ተኳረፍንና ልከሳት አባቷ ዘንድ ሄድኩ። እሷ እንዲህ አለች፣ እኔ እንዲህ ብዬ ታገሥኩ፣ እሷ ደገመች፣ እኔ አሁንም ታገሥኩ እያልኩ በዝርዝር አስረዳኋቸው። ሐጂ አላቋረጡኝም። ጨርሼ ፍርድ ስጠብቅ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉና፣

"ሰማሁ" አሉኝ፤ "አሁን ሂድና ሹፌሩን ላከው፤ ከእሱ ልስማው።"